በከረሜላ ውስጥ ስለሚደበቅ ኀይለኛ የሐሺሽ ንጥረ ነገር

በዚህች ወርኃዊ ጽሑፋችን ስለ ውሃ ንጽሕና፤ ስለ ዝንብና ስለ ትንኝ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት አሠራር ደጋግመን ጽፈናል። እነዚህ ሰው በጠላትነታቸው ያወቃቸው ነገሮች ናቸው። ዛሬ የምንገልጸው ግን መልኩ ያማረ፤ ጣዕሙ የጣፈጠ፤ ከሕፃናት እጅ በቀላሉ ሊገባ የሚችል ነገር ነው። ይኸውም ከሐሺሽ ተክል ውስጥ የተገኘው፤ ቲ.ኤች.ሲ.ፒ. ተብሎ የሚጠራው ንጥረ ነገር ነው። ሙሉ ስሙ በኬሚስትሪ ቋንቋ ቴትራሃይድሮካናቢፎሮል ይባላል። መምህራንና ወላጆች ይህን እንግዳ ስም ማወቅ ስለ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጥረ ነገሩ እንዴት ተገኘ?

ሐሺሽ ወይም ካናቢስ የሚባለው ተክል በሰው ልጅ ዘንድ የታወቀው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ቃጫው ለገመድና ለሸራ፤ ፍሬው ለዘይት ሲያገለግል ኖሯል። አበባውና ሙጫው ግን አእምሮን የሚለውጡ ስለ ሆኑ በብዙ አገሮች በሕግ ተከልክለዋል፤ የአገራችንም የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርተውን፤ የሚሸጠውንና የሚጠቀመውን ይቀጣል።

ከተክሉ ውስጥ የሚያሰክረው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ለረጅም ዘመን በግልጽ ሳይታወቅ ቆይቶ፤ በ1964 ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ቲ.ኤች.ሲ. የሚባለውን ንጥረ ነገር ነጥለው በማውጣት ቅርጹን ለዓለም አስታወቁ። ከዚህ በኋላ 55 ዓመት አልፎ፤ በ2019 መጨረሻ የኢጣልያ ተመራማሪዎች አንድ አዲስ ነገር አገኙ። በፍሎረንስ ከተማ የሚገኘው የጦር ሠራዊቱ የመድኃኒት ፋብሪካ ለሕክምና ብሎ ከሚያመርተው የካናቢስ ዓይነት ውስጥ፤ በእጅግ ጥቂት መጠን የተሰወረውን ቲ.ኤች.ሲ.ፒ. ለይተው አወጡ። እንግዲህ ይህ ንጥረ ነገር የቀድሞው የቲ.ኤች.ሲ. የቅርብ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ኀይሉ ከምን መጣ?

የሰው አንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው እንደ ጓጉንቸር ያሉ ተቀባዮች አሏቸው። በ1988 በአሜሪካ አገር አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቬይን የሚባሉ ሊቃውንት፤ የካናቢስ ንጥረ ነገር የሚገጥምበት ተቀባይ በአይጥ አንጎል ውስጥ መኖሩን አረጋገጡ። ይህ ተቀባይ በሰውም አንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፤ ትዝታን፤ የሰውነትን እንቅስቃሴ፤ ፍርሃትን፤ ረኃብንና የሕመምን ስሜት በመቆጣጠር ሥራ ይሳተፋል። ሰውነታችን ራሱ በልክ የሚሠራው፤ ይህን ጓጉንቸር የሚከፍት የተፈጥሮ ቁልፍ አለው። ሐሺሽ የሚያሰክረው ከውጭ የመጣ ቁልፍ ሆኖ ያለ ልክ ስለሚከፍተው ነው።

ቲ.ኤች.ሲ. አምስት የካርቦን አቶሞች የተያያዙበት እንደ ጅራት ያለ ተቀጽላ አለው። በቲ.ኤች.ሲ.ፒ. ግን ጅራቱ በሁለት አቶሞች ረዝሞ ሰባት ሆኗል። ልዩነቱ ለዐይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ነገር ቢሆንም፤ ረዘም ያለው ጅራት ከተቀባዩ ጋር ጠብቆ እንዲገጥም ያደርገዋል። የኢጣልያ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ በለኩት ጊዜ፤ ቲ.ኤች.ሲ.ፒ. ከተቀባዩ ጋር የመጣበቅ ኀይሉ ከቲ.ኤች.ሲ. 33 ጊዜ ያህል ጠንክሮ ተገኘ። ለአይጦችም በሰጧቸው ጊዜ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፤ የሰውነታቸው ሙቀት ወረደ፤ ሕመም የመሰማት ኀይላቸው ደከመ፤ እንደ ደረቀ እንጨትም ባሉበት ቀሩ።

በዚህ ላይ አንባቢን ከስሕተት ልንጠብቅ ይገባናል። 33 ጊዜ የሚለው ቁጥር በቤተ ሙከራ የተለካ የመጣበቅ ኀይል ነው እንጂ፤ ሰውን 33 ጊዜ ያሰክራል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ነጋዴዎች ይህንኑ ቁጥር እንደ ምስጋና አድርገው በዕቃቸው ላይ ይለጥፉታል። ለጤና አዋቂ ግን ቁጥሩ ምስጋና ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። የቤት እመቤት ሚጥሚጣን በበርበሬ ማንኪያ ልክ ወጥ ውስጥ ብትጨምር ወጡ እንደማይበላ ሁሉ፤ የንጥረ ነገሩ ኀይል በበረታ መጠን ከሚያሰክረው ወደሚጎዳው መጠን ያለው ርቀት እያጠረ ይሄዳል። የሚሳሳተውም ሰው የሚሳሳተው በጭብጥ ሳይሆን በቅንጣት ነው። በካናዳ አገር አንድ የሚበላ የካናቢስ ዕቃ እሽግ ከ10 ሚሊግራም የበለጠ ቲ.ኤች.ሲ. እንዳይኖረው በሕግ ተወስኗል። አንድ ግራም 1000 ሚሊግራም መሆኑን የሒሳብ መምህራን ያስታውሳሉ። ለቲ.ኤች.ሲ. ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ካስፈለገ፤ ከእርሱ ለሚበረታው፤ በሰውም ላይ በሚገባ ተፈትኖ የሚበቃ መጠኑ ላልተወሰነው ዘመዱ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ ገበያ እንዴት ወጣ?

በታኅሣሥ 2018 በአሜሪካ አገር የወጣው የእርሻ ሕግ፤ በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.3 የማይበልጥ ቲ.ኤች.ሲ. ያለበትን ተክል ከሐሺሽ ለይቶ እንደ ማንኛውም የእርሻ ምርት እንዲቆጠር ፈቀደ። የሕጉ አሳብ ቃጫና ዘይት ለሚያመርቱ ገበሬዎች ይረዳ ዘንድ ነበር። ሆኖም ሕጉ በልክ የወሰነው አንዱን የቲ.ኤች.ሲ. ዓይነት ብቻ ስለ ነበረ፤ ነጋዴዎች በስሙ ያልተጠሩትን ዘመዶቹን ማምረት ጀመሩ። ቲ.ኤች.ሲ.ፒ. በተክሉ ውስጥ የሚገኘው በእጅግ ጥቂት መጠን ስለ ሆነ፤ ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛው በኬሚስትሪ ሥራ የሚፈበረክ ነው። ሥራው ያለ ቁጥጥር ሲካሄድ በምርቱ ውስጥ የአሲድና የሌሎች ኬሚካሎች ዝቃጭ ሊቀር ይችላል፤ በእሽጉ ላይ የተጻፈውም መጠን በውስጡ ካለው ጋር ላይስማማ ይችላል።

ይህም ምርት በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፤ በዘይት፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ለስላሳ በሆነ የፍራፍሬ ከረሜላ መልክ ይሸጣል። መንግሥታት አደጋውን እያዩ በየጊዜው ሕግ አውጥተዋል። ፈረንሳይ በሰኔ 2024 ቲ.ኤች.ሲ.ፒ.ን ከአደንዛዥ ዕፆች መዝገብ አገባችው። በአሜሪካም በኅዳር 2025 የቀድሞውን የሕግ ቀዳዳ የሚዘጋ አዲስ ሕግ ወጥቶ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ።

በሰውነት ላይ የሚያመጣው ጉዳት

ይህን የመሰለ ኀይለኛ የካናቢስ ንጥረ ነገር የወሰደ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ዐይኑ ይቀላል፤ ልቡ በፍጥነት ይመታል፤ ራሱ ይዞራል። መጠኑ ከበዛ ያስመልሰዋል፤ ብርቱ ፍርሃት ይይዘዋል፤ የሌለ ነገር ያያል ወይም ይሰማል፤ ራሱንም ስቶ ሊወድቅ ይችላል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው አደጋው የከፋ ነው።

በጢስ መልክ የተሳበው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሠራ፤ የተበላው ግን ኀይሉ እስኪሰማ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። አንዱን ከረሜላ በልቶ ምንም ሳይሰማው ሲቀር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጨምራል፤ በኋላም ሁሉ ባንድነት ይነሣበታል፤ ለብዙ ሰዓታትም አይለቀውም።

በወጣቶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዕለት ስካር ያልፋል። የሰው አንጎል እድገቱን የሚፈጽመው እስከ 25 ዓመት ገደማ ነው። በ2019 በአውሮፓና በብራዚል ከተሞች የተደረገ ትልቅ ምርመራ እንዳሳየው፤ ኀይለኛ ካናቢስ በየቀኑ በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ የአእምሮ መታወክ የመከሠቱ ዕድል ፈጽሞ ካልተጠቀሙት አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ትዝታው የደከመ፤ ሐሳቡ የተበተነ ተማሪ ስንፍና ነው ተብሎ ከመገሠጹ በፊት፤ መምህሩ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ሕፃናትስ?

ሕፃን ልጅ ከረሜላን ከከረሜላ መለየት አይችልም፤ አንድ ብቻ በልቶም አይተውም። በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ካናቢስ ያለበትን የሚበላ ነገር በስሕተት የበሉበት ጊዜ፤ ለመርዝ መረጃ ጣቢያዎች የደረሰው ብቻ በ2017 207 ነበር፤ በ2021 ግን 3,054 ደርሷል። ሕፃኑ በመጀመሪያ እንቅልፍ እንደ ተጫነው ሆኖ ይታያል፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ከዚያም ቢጠሩት የማይሰማ ይሆናል፤ ትንፋሹም ሊዳከም ይችላል። ወላጅ ደክሞት ተኛ ብሎ የሚያልፈው ሰዓት፤ ሐኪም ሊረዳው የሚችልበት ሰዓት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ወደ አገር ቤት ሲመጡም በሻንጣቸው ለልጆች ከረሜላ ማምጣታቸው የተለመደ የፍቅር ሥራ ነው። ከውጭ የመጣ ከረሜላ ሁሉ ጉዳት አለበት አንልም፤ እንዲህ ማለት ሐሰት ነው። የምንለው፤ ለልጅ ከመስጠት በፊት ጽሑፉ ይነበብ ነው። በእሽጉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፤ ኤች፤ ሲ የሚሉት ሦስት ፊደላት ብቻቸውን ወይም ከሌላ ፊደል ጋር ተጽፈው ቢገኙ፤ ወይም የካናቢስ ቅጠል ሥዕል ቢታይ፤ ያን ዕቃ ለማንም መስጠት አይገባም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆችም እንዲህ ያለውን ነገር ከቤታቸው ማራቅ ይገባቸዋል።

አደጋ ቢደርስ ምን ይደረግ?

1ኛ፤ ሕፃኑ እንዲህ ያለ ነገር መብላቱ ከታወቀ ወይም ከተጠረጠረ፤ ምልክቱ እስኪታይ ሳይጠበቅ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

2ኛ፤ በግድ ለማስመለስ ጣትን ጉሮሮ ውስጥ መክተት አይገባም። መርዝ ያረክሳል ተብሎ በየቤቱ የሚሰጠው ወተት፤ ሎሚ ወይም ጥቁር ቡና ይህን ንጥረ ነገር አያረክሰውም፤ ለደከመ ሕፃንም ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል።

3ኛ፤ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ይተኛ፤ ትንፋሹም ሳይቋረጥ ይታይ።

4ኛ፤ የከረሜላው እሽግና የተረፈው ሁሉ ለሐኪሙ ይወሰድ። ለዚህ ንጥረ ነገር ልዩ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪሙ የሚረዳው ትንፋሽንና የልብን ምት እየጠበቀ ስለ ሆነ፤ የተበላው ምን እንደ ሆነ ቢያውቅ አላስፈላጊ ምርመራ ይቀርለታል።

5ኛ፤ እውነቱ ይነገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፤ ብዙ ወላጅና ብዙ ወጣት ኀፍረትን ወይም ቅጣትን ፈርቶ ነገሩን ይሰውራል። ሐኪም የሚጠይቀው ሊያድን እንጂ ሊከስ አይደለም።

መምህራን ሆይ፤ በክፍላችሁ ይህን ነገር ስታስረዱ ማስፈራራት ብቻ አይበቃም፤ ወጣት የተጋነነውን ቃል አንድ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ካገኘው እውነቱንም አያምንም። ስለ ጅራቱ መርዘምና ስለ ሚሊግራሙ ማነስ በሳይንስ ትምህርት መንገድ ብትገልጹላቸው፤ በራሳቸው አእምሮ አመዛዝነው ይጠበቃሉ። ወላጆችም ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር አስታውሰው፤ ከረሜላውን ከልጁ አፍ ሳይሆን አስቀድመው ከሻንጣው ያውጡት።