በፕራስሊን ደሴት ዳገት ላይ

ደሴት ሲባል የኛ ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ጣና ይሄዳል፤ ታንኳ፣ ገዳምና ጸጥ ያለ ውሃ ይታየዋል። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ሌላ ዓይነት ደሴት አይቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን በሲሸልስ ሥራ የያዘው የአክስቴ ልጅ ስለ ጠራኝ፣ ከመምህርነት ደመወዜ ሁለት ዓመት ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ ወደዚያው በአውሮፕላን ሄድሁ።

ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ በርካታ ደሴቶች ያሏት፣ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነፃነቷን ያገኘች አገር ናት። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ በማሄ ደሴት ላይ ትገኛለች። በውቅያኖስ መካከል ያሉ ብዙ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የሲሸልስ ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ግን ከጥንታዊ ምድር ተገንጥለው የቀሩ የግራናይት ድንጋይ ተራሮች ናቸው። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ጥቂት እንደ ተራመዱ ዳገቱ ይጀምራል።

«ፕራስሊንን ሳታይ ከተመለስህ ሲሸልስ ሄድሁ ብለህ አታውራ» አለኝ የአክስቴ ልጅ። እኔም ወደ አገሬ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ በማለዳ መርከብ ተሳፍሬ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ቤ ሴንት አን ከምትባለው የፕራስሊን ወደብ ደረስሁ። ፕራስሊን ስፋቷ 38 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ በመጨረሻው መርከብ መመለስ ነበረብኝ፤ አውሮፕላኔ በማግሥቱ ማለዳ ይነሣልና።

ከወደቡ አጠገብ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚስተካከል አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ያከራያሉ። መያዣውን ከፍዬ መሪውን ስጨብጥ በእንግሊዝኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይህ ሞተር ብስክሌት አይደለም። አንተ ካልረገጥህ እሱም አይሠራም። ኃይሉንም ለዳገቱ አስቀምጥ።»

«አይስጉ፣ አባቴ፤ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ» አልኋቸው።

እሳቸውም ምንም ሳይመልሱ በግራ በኩል እንድነዳ ብቻ አስጠነቀቁኝ። የሲሸልስ ሰዎች እንደኛ በቀኝ ሳይሆን በግራ ይነዳሉ።

ይህን መሣሪያ ላላያችሁት ጥቂት ልግለጽላችሁ። ቅርጹ የተራ ቢስክሌት ነው፤ ነገር ግን ባትሪና ትንሽ ሞተር አለው። ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ስሜት ተቀባይ መሣሪያ ይህን አውቆ ሞተሩን ያስነሣል፤ እግር ሲያርፍ ሞተሩም ያርፋል። አንድ ተራ ሰው ቶሎ ሳይደክም የሚያወጣው ኃይል ወደ 100 ዋት ይጠጋል፤ የብዙዎቹ ሞተሮች ኃይል ደግሞ 250 ዋት ነው። እንግዲህ ጋላቢው ሁለት ብርቱ ወዳጆች ከኋላ እየገፉት እንደሚሄድ ይቁጠረው። እርዳታውን በመሪው ላይ ባለ ቁልፍ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እኔ ወዲያው ከፍተኛው ላይ አደረግሁት።

የመጀመሪያው ዳገት ቫሌ ደ ሜ ወደሚባለው ጫካ ይወስዳል። ላብ ሳያጠልቀኝ ወጣሁ፤ በእውነትም ክንፍ ያበቀልሁ መሰለኝ። ይህ ጫካ 20 ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ዩኔስኮ በ1983 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ምክንያቱ ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዘንባባ ነው። ፍሬው በዛፍ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚበስል ሲሆን፣ ዘሩ ከዓለም ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ይገኛል። በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ በኩሪዩዝ ደሴት ብቻ ነው። እስከ 1768 ድረስ የውጭ ሰዎች ዛፉን ስላላዩት፣ ማዕበል ወደ ማልዲቭ ዳርቻ የሚጥለውን ፍሬ ከባሕር በታች የሚበቅል ይመስላቸው ነበር።

ከዛፎቹ ሥር ቆሜ ጄኔራል ጎርደንን አስታወስሁ። ይህ እንግሊዛዊ በ1879 የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ፊት የቀረበው፣ በ1885ም ካርቱም ላይ የተገደለው ነው። በመካከሉ በ1881 ወደዚህ ደሴት መጥቶ፣ ገነት እዚህ ነበረች፣ ዕፀ በለስም ይህ ዘንባባ ነው የሚል አሳብ አደረበት። ግዮን ዓባይ ነው ሲባል ሰምቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከጫካው ወርጄ በሰሜኑ ዳርቻ ወደ ኮት ዶር አመራሁ። መንገዱ ሜዳ፣ ባሕሩ አረንጓዴ፣ ነፋሱም ከፊት ነበር። በዚህ ሜዳ ላይ እርዳታውን ሳልቀንስ ሸመጠጥሁ፤ በመንገድ ዳር ለተቀመጡ ልጆች ፍጥነቴን ለማሳየት ተመልሼ ደግሜ ነዳሁ። ከዚያም አንስ ቡደን ከሚባለው ስፍራ ቀጥ ያለውን ዳገት አልፌ፣ አንስ ላዚዮ ደርሼ ታላላቅ ድንጋዮች በከበቡት ነጭ አሸዋ ላይ ዋልሁ።

ስመለስ ግን ዳገቱን እኩል እንዳልወጣሁ የባትሪው ምልክት ብልጭ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሁለቱ ወዳጆቼ ከነኃይላቸው ጥለውኝ ሄዱ። በእጄ የቀረው 25 ኪሎ የሚመዝን ብረት ነበር። ለመርገጥ ሞከርሁ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰዓቴን ባየሁ ጊዜ መርከቡ፣ አውሮፕላኑና የተቆረጠው ትኬት በዓይኔ ፊት ተደረደሩ። ሌላ ትኬት የምገዛበት አንድ ሳንቲም አልነበረኝም።

ወርጄ መግፋት ጀመርሁ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ ዓሣ የጫነ አሮጌ ቢስክሌታቸውን እየገፉ ደረሱብኝ። አልሳቁብኝም። «ይህን ዳገት ሁላችንም በእግራችን ነው የምንወጣው፤ አትቸኩል፣ ግን አትቁም» ብለው እርምጃዬን ከእርምጃቸው ጋር አስማሙ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ተሰነባበትን። ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድሁ፤ የቀረውን መንገድ በገዛ እግሬ ረገጥሁ። ወደቡ ስደርስ መርከቡ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

አከራዩ የጠፋውን ምልክት አይተው መያዣዬን መለሱልኝና፣ «ፊዚክሱ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

በመርከቡ ላይ ተቀምጬ ዘግይቶ የመጣውን ሒሳብ ሠራሁ። እኔና ቢስክሌቱ በአንድነት 90 ኪሎ ያህል ነበርን። ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት 25 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በባትሪው ላይ የተጻፈው ደግሞ 300 ዋት ሰዓት ነበር። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ቢታሰብ እንኳ ዳገቶቹ ሲሶውን አይጨርሱትም። የቀረውን የበላው በሜዳው ላይ ያደረግሁት ከንቱ ሩጫ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስን ግፊት ለማሸነፍ የሚፈለገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናልና። ይህንንም ራሴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «ደመወዜም እንዲሁ ነው» አለኝ። «የሚያልቀው በቤት ኪራይ ይመስለኛል፤ ስቆጥረው ግን ያለቀው በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሜዳው ላይ ነው።» ዳገቱም የሚመጣው ሁልጊዜ በወሩ መጨረሻ ነው።