በረዶ ሲጥል የማይከዳ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ሐይቅ፦ በክረምት ከቀትር በኋላ ከደሴ ወደ ውጫሌ የሚጓዝ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ይህን ያውቀዋል። ከተማውን ሲለቅ ደረቅ የነበረው አስፋልት ጥቂት እንደሄደ በዶፍ ይርሳል፤ ዶፉ ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ መንገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ይለብሳል። ከላይ ካለው ማሳ ታጥቦ የወረደው ጭቃም ኩርባው ላይ ይጠብቀዋል። በዚያች ሰዓት ያን ሁሉ ጭነት ከገደል የሚለየው፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚረግጥባት ከመጽሐፍ ገጽ እምብዛም የማትበልጥ ቦታ ናት።

ጉዳዩ የአሽከርካሪውና የረዳቱ ብቻ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወጣው ማዳበሪያ ለተሁለደሬና ለአምባሰል አርሶ አደሮች የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። የዘር ወቅት የተገለበጠ መኪና እስኪነሣ አይጠብቅም። ዩሪያ በውኃ የሚሟሟ በመኾኑም በዝናብ መንገድ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ተመልሶ አይለቀምም። ደቡብ ወሎ የበልግም የክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ስለኾነ ጎማን መመርመር የሚገባው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በልግ ሳይገባና ክረምት ሳይገባ።

የበረዶ ሀገር ጎማ ለእኛ ይኾናል?

በረዶ ለወራት በሚተኛባቸው ሀገራት የጭነት መኪና ጎማ በሕግ የሚወሰን ነው። ጀርመን በክረምት መንገድ ላይ ከባድ ተሽከርካሪዎች በሚነዱት እግሮች ላይ ብቻ ሳይኾን ከ2020 ጀምሮ በፊት እግሮችም ላይ የክረምት ጎማ እንዲያስሩ ታስገድዳለች። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ተራራማውን ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና የሚያቋርጡ የንግድ መኪናዎች በጎርጎርዮሳዊያን አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሰንሰለት መያዝ አለባቸው። በዚያ ሀገር በከባድ መኪና ሥራ የተሠማሩ ወገኖቻችን ሰንሰለት ማሰርን የሥራው አንድ ክፍል አድርገው ያውቁታል።

የክረምት ጎማ ከሌላው የሚለየው በጥርሱ ብቻ አይደለም። ላስቲኩ ራሱ ሌላ ነው። ተራ ላስቲክ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ እየደረቀ መሬት የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ የክረምት ጎማ ግን በብርድ ለስላሳ ኾኖ እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምስል የታተመበት ጎማ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ምልክት ደግሞ ለጭቃና ለበረዶ የታሰበ የጥርስ ቅርጽ እንዳለው የሚገልጽ የአምራቹ ቃል እንጂ የፈተና ማረጋገጫ አይደለም።

ታዲያ የእኛ አሽከርካሪ የበረዶ ጎማ ፍለጋ ይሂድ? አያስፈልገውም። ጠዋት በሚሌ ሜዳ ላይ የሚጋለው መኪና በዚያው ቀን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ደሴ ይደርሳል። ለብርድ ተብሎ የለሰለሰ ላስቲክ በአፋር ሙቀትና በከባድ ጭነት ቶሎ ያልቃል። በእኛ መንገድ የሚጥለው በረዶም ለወራት የሚተኛ ሳይኾን ወርዶ፣ ከጭቃና ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀልጥ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀቱንም የሚችል፣ ውኃውንና ጭቃውንም ከሥሩ የሚያስወጣ፣ ጥርሱ ጥልቅ የኾነ የሁሉም ወቅት ጎማ ነው።

ለፊት እግርና ለኋላ እግር

የፊት ጎማ ሥራው መሪን መታዘዝ ነው። በዙሪያው ቀጥ ብለው የሚሄዱ ጥልቅ ቦዮች ያሉት ጎማ ውኃን ስለሚያስወጣ ለፊት ይመረጣል። የሚነዳው የኋላ እግር ግን መሬት ቆንጥጦ መግፋት ስላለበት ጥርሱ ተለያይቶ የተቆራረጠ፣ «ኤም ፕላስ ኤስ» ምልክት ያለው ቢኾን ዳገትና ጭቃ ላይ ይረዳዋል።

ገንዘቡ ለሁለት አዲስ ጎማ ብቻ የሚበቃ ባለንብረት አዲሶቹን ለፊት ያድርግ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከአሽከርካሪው እጅ ይወጣልና። ከላይ ጥርስ ተለብጦለት የታደሰ ጎማም ለፊት እግር አይመከርም። ይህ ማለት ግን ሊሾ የኾነው ከኋላ ይሁን ማለት አይደለም። በተለይ ባዶ መኪና በሚነዱት እግሮች ላይ የሚያርፈው ክብደት ስለሚቀንስ በረጠበ ዳገት ላይ ከተጫነው ይልቅ ቶሎ ይንሸራተታል።

ከዋጋው በፊት የሚነበቡ አራት ነገሮች

አንደኛው የጥርሱ ጥልቀት ነው። በቦዮቹ ውስጥ የሚታዩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከእነርሱ ጋር ሲስተካከል ጎማው ጊዜውን ጨርሷል። ለዝናብ ግን እስከዚያ መጠበቅ አይገባም። በአሜሪካ የከባድ መኪና የፊት ጎማ ጥርስ ቢያንስ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት እንዲኖረው ሕግ ያዝዛል። መለኪያ የሌለው ሰው የክብሪት እንጨት በቦዩ ውስጥ አቁሞ፣ ጥርሱ የደረሰበትን በጥፍሩ ይዞ በማስመሪያ ሊለካው ይችላል።

ሁለተኛው የተመረተበት ጊዜ ነው። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዓመቱ በጎርጎርዮሳዊያን አቆጣጠር ነው። «2017» ተብሎ የታተመበት ጎማ በእኛ 2017 ዓ.ም. የተሠራ አይደለም። በ2017 እንደ ጎርጎርዮሳዊያን አቆጣጠር፣ በ20ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ ይህም በእኛ ግንቦት 2009 ዓ.ም. መኾኑ ነው። ጥርሱ ያልተነካ ቢመስልም በመጋዘን ብዙ ዓመት የቆየ ላስቲክ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም።

ሦስተኛው የመሸከም አቅሙ ነው። ለምሳሌ 315/80 አር 22.5 በኾነ ጎማ ላይ «156/150» የሚል ቁጥር ቢገኝ ጎማው ለብቻው ሲታሰር 4 ሺህ ኪሎ ግራም፣ በጥንድ ሲታሰር ደግሞ እያንዳንዱ 3 ሺህ 350 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ባለንብረቱ ይህን ቁጥር ከሚጭነው ጭነት ጋር ማስተያየት ይኖርበታል።

አራተኛው የጥንዶቹ መመሳሰል ነው። ጎን ለጎን ከታሰሩት ሁለት የኋላ ጎማዎች አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ ከኾነ ረጅሙ ጭነቱን ለብቻው ይሸከማል፤ አጭሩ ደግሞ መሬቱን በወጉ አይረግጥም። በደረቅ መንገድ ላይ የማይታወቀው ይህ ልዩነት በጭቃ ላይ ይገለጣል። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲቀየር አጠገብ ቆሞ ይህን ማየት የባለንብረቱ ድርሻ ነው።

ንፋስና ፍጥነት

የተሻለ እንዲይዝልኝ ብሎ ንፋስ መቀነስ በአንዳንድ አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። መንኮራኩሩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ለመውጫ ያህል ሊረዳ ይችላል፤ በአስፋልት ላይ ግን ንፋሱ ያነሰ ጎማ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ውኃንም በሚገባ አያስወጣም። ንፋስ መለካት ያለበት ጠዋት ከመነሣት በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥሩ ጎማ ፍጥነትን አይተካም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይኾናል። በረዶ ያጠራቀመ ቁልቁለት ላይ ገና ከአናቱ ከባድ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሬንን በድንገት አለመርገጥ፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅ ይገባል። በረዶው ከበረታ ደግሞ ሰፊ ቦታ ላይ ከመንገድ ወጥቶ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል። የእኛ በረዶ ብዙውን ጊዜ ከመቅለጥ አያልፍምና የሚባክነው ጊዜ አጭር ነው።

በሰኔ መጀመሪያ በአንድ የክብሪት እንጨት የሚደረግ ምርመራ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በመጋዘን በር ማዳበሪያ የሚጠብቀው አርሶ አደርም፣ ቤቱ የሚጠበቀው አሽከርካሪም በዚያ ምርመራ ተጠቃሚ ናቸው።