ማርክ ሲዋሽ ማን ይጎዳል?

እስቲ የውሃ ማሞቂያውን፣ ቦይለሩን አስቡት። ውስጡ ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ውሃው በቂ ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። ይህ መሣሪያ ተበላሽቶ ቀዝቃዛውን ውሃ «60 ዲግሪ ደርሷል» ብሎ ቢያነበውስ? ማሞቂያው ይጠፋል፣ ውሃው ግን እንደቀዘቀዘ ይቀራል። እዚህ ላይ ትልቁ ጉዳት የቁጥሩ መሳሳት አይደለም። ቁጥሩ በመሳሳቱ ምክንያት ውሃውን የሚያሞቀው መጥፋቱ ነው።

የትምህርት ቤት ማርክም ቴርሞስታት ነው። 45 ያመጣ ተማሪ እገዛ ያስፈልገዋል ማለት ነው። 45ቱ በወረቀት ላይ 70 ከሆነ ግን መምህሩም ወላጁም ተማሪው ራሱም «ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ።

በእውነት የሆነ ምሳሌ እንይ። በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፣ በደቡብ ምሥራቁ ክፍል «ባሉ» የሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ብዙ ድሃ ቤተሰቦች ያሉበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራቂዎቹ በሙሉ የኮሌጅ ቅበላ አገኙ ተብሎ ትልቅ ዜና ሆነ። ከወራት በኋላ ደብሊው ኤ ኤም ዩ እና ኤን ፒ አር የተባሉት የራዲዮ ተቋማት ጋዜጠኞች መዝገቦቹን ሲያገላብጡ ሌላ ታሪክ ወጣ። ምረቃው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ለመመረቅ መንገድ ላይ የነበሩት 57 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ የተመረቁት ግን 164 ናቸው። ከተመራቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ያለ ፈቃድ ከሦስት ወር በላይ ትምህርት ቀርተዋል። ከተማው ራሱ ባስጠናው ምርመራ ደግሞ በዚያ ዓመት ከመላው የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከተመረቁት 2,758 ተማሪዎች 937ቱ፣ ማለትም 34 ከመቶው፣ ደንብ ተጥሶ ዲፕሎማ እንዳገኙ ታወቀ።

ታዲያ መምህራኑ ክፉ ነበሩ? ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ብዙ ተማሪ የሚጥል መምህር የራሱ የሥራ ግምገማ እንዳይወርድ ይሰጋ ነበር። ትምህርት ቤቱም የሚመዘነው በተመራቂ ብዛት ነበር። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ቻርልስ ጉድኸርት በ1970ዎቹ ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፉ ያስተዋሉት ነገር እዚህም ይሠራል፦ መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለካቱን ያቆማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ካምቤልም በዚያው ዘመን ይህንኑ ስለ ትምህርት ፈተና ጽፈዋል። ሰው የሚሸለመው በቴርሞስታቱ ንባብ ከሆነ፣ ውሃውን ከማሞቅ ይልቅ ንባቡን መነካካት ይቀልለዋል።

አንድ መሣሪያ ሲጠረጠር መሐንዲስ ሁለተኛ መለኪያ ያስገባል። ለማርክ ሁለተኛው መለኪያ የክፍል መገኘት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርቱ እንደሚወድቅ ቀድሞ በመጠቆም የመገኘት መዝገቡ ከ8ኛ ክፍል የፈተና ውጤቱ በጣም የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ማርክ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ባዶ ወንበር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። ያኔ ተማሪው ለምን እንደቀረ መጠየቅ ይቻላል። ሥራ ይዞ ነው? ታናናሾቹን እየጠበቀ ነው? መንገዱ አስፈርቶት ነው? ምክንያቱ ሲታወቅ መፍትሔውም ይለያያል።

ሦስተኛው መለኪያ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚዘጋጅ ፈተና ነው። ይህንን በአገራችን በደንብ እናውቀዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲሰጥ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። እነዚህ ልጆች በሙሉ እስከ 12ኛ ክፍል የደረሱት «አልፏል፣ አልፋለች» የሚል ካርድ እየያዙ ነው። ለብዙዎቹ እውነተኛው ቁጥር የደረሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ማሞቂያ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።

ይሁንና አንድ ነገር አንርሳ። ቴርሞስታት መጠገን ብቻውን ውሃ አያሞቅም። ፈተናን ማጥበቅ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጠናል እንጂ መጽሐፍ፣ መምህርና ቤተ ሙከራ አይሰጠንም። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ሥራ የሚከብደው። ዝቅተኛ ውጤት ላመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት (ሪሜዲያል) አንድ ሙከራ ነው። ግን ያንን ትምህርት 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ላይ ማግኘት ይሻላል፤ የሚገኘው ደግሞ የ7ኛ ክፍሉ ማርክ እውነቱን ከተናገረ ነው።

እናንተ ቤት ሆናችሁ የራሳችሁን ቴርሞስታት መፈተሽ ትችላላችሁ። ያለፈ ዓመት የብሔራዊ ፈተና ወረቀት ፈልጉ። ስልኩን አጥፉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ብቻችሁን ሥሩ፣ ከዚያ አርሙት። ውጤቱን ከክፍል ማርካችሁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አትደንግጡ፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደተሳሳታችሁ ለዩና ነገ መምህራችሁን በዚያ ምዕራፍ ጀምሩ።