ለመጣል የታተመ፣ በፍቅር የተጠበቀ

ብራና ፋቂ ቆዳውን ወጥሮ ሲፍቅ፣ የእጁ ሥራ ከራሱ ዕድሜ እንደሚያልፍ እያወቀ ነው፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ አገር ግን ደራሲውም አታሚውም ሻጩም በወሩ መጨረሻ እንደሚጣል አስቀድመው ያወቁለት የመጽሔት ዓይነት ነበረ። ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት በርካሽ የተሠራ ስለ ነበረ መጽሔቶቹ «ፐልፕ» ተባሉ፤ ሽፋናቸው በደማቅ ኅብረ ቀለም ያጌጠ፣ ውስጣቸው ግን ሻካራና በቶሎ የሚወይብ ነበር። ከእነዚህም አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 1923 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በ25 ሳንቲም ዋጋ የወጣው «ዊርድ ቴልስ»፣ ማለት «እንግዳ ተረቶች» ነው። ዛሬ «ስዎርድ ኤንድ ሶርሰሪ» እየተባለ የሚጠራው፣ እኛም «ሰይፍና ሥራይ» ብንለው የማይከፋው የልብ ወለድ ወገን ያደገው በዚህ መናኛ ወረቀት ላይ ነው።

በግእዝ የተተረጎመውን ዜና እስክንድር ላነበበ ሰው፣ ጀግና በምድር ዳርቻ ከእንግዳ ፍጥረት ጋር ሲጋጠም ማየት አዲስ ነገር አይሆንበትም። የሰይፍና ሥራይ ጀግና ግን እንደ እስክንድር ዓለምን ለመግዛት አልተነሣም፤ ብዙውን ጊዜ ቅጥረኛ ወታደር ወይም ሌባ ሆኖ፣ ስለ አንድ ዕንቍ፣ ስለ ወዳጁ ደም፣ አለዚያም ስለ ገዛ አንገቱ ብቻ ይዋጋል። ሥራይም ብዙ ጊዜ ለእርሱ ረዳት ሳይሆን፣ ከጥንት ዘመን ፍርስራሽ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቀው ጠላት ነው። ታሪኩም በአብዛኛው በአንድ መቀመጫ ተነብቦ የሚያልቅ አጭር ነው። ስሙን ያወጣለት ደራሲው ፍሪትዝ ላይበር ሲሆን፣ ይህንም ያደረገው በ1961 እንግሊዛዊው ማይክል ሙርኮክ ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ምን ስም ይገባዋል ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ ነው።

ነገሩ ግን ከስሙ በፊት ነበረ። ክሮስ ፕሌንስ በተባለች የቴክሳስ ትንሽ ከተማ ከወላጆቹ ጋር ይኖር የነበረው ሮበርት ሃዋርድ፣ ኩል ስለተባለ ንጉሥ የጻፈው ታሪክ በኦገስት 1929 በዚሁ መጽሔት ታተመ፤ ብዙዎችም የዚህን ጽሑፍ ልደት የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው። ሌላ የኩል ታሪክ ገዢ አጥቶ ቢቀርበት፣ ሃዋርድ እንደገና ጽፎ የጀግናውን ስም ለውጦ ላከው፤ በዲሴምበር 1932ም ሲሜሪያዊው ኮናን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንባብያን ፊት ቀረበ። ይህን ታሪክ ጨምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 17 የኮናን ታሪኮች በዚያ መጽሔት ወጡ። ሃዋርድ በጁን 1936 እናቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች፣ ገና በ30 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ የኮናን ታሪኮች ራሱን በቻለ መጽሐፍ ተሰብስበው ለማየትም አልታደለም።

መስኩ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ካትሪን ሙር በ1934 ጂሬል የተባለች ሰይፍ ታጣቂ እመቤት ይዛ መጣች፤ ላይበርም ከ1939 ጀምሮ የአንድ ረጅም ሰሜናዊና የአንድ አጭር ሌባ ወዳጅነትን በሣቅና በኀዘን አዋሕዶ ጻፈ፤ ሙርኮክ ደግሞ ከ1961 ወዲህ ነፍስ በሚመጥጥ ሰይፍ ኃይል የሚኖረውን ደካማ ንጉሥ ኤልሪክን አመጣ።

እንግዲህ ሰብሳቢ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ኮናን በ1950ዎቹ በጠንካራ ሽፋን፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛው በፍራንክ ፍራዜታ ሥዕል ባጌጡ ርካሽ መጻሕፍት ሲታተም፣ ስፕራግ ደ ካምፕና ሊን ካርተር የተባሉት ደራስያን ያልተፈጸሙትን ታሪኮች ፈጽመው፣ የራሳቸውንም ጨምረው፣ ደ ካምፕም በሃዋርድ ቃል ላይ እርማት አድርጎ አቀረቡት። ዝናውን ያሰፉት እነርሱ መሆናቸው አይካድም፤ ሆኖም አንባቢው የሃዋርድን ድምፅ ከእነርሱ ድምፅ መለየት አልቻለም። የጥንቱን ንባብ የሚመሰክሩት በየሰዉ ሣጥን የተረፉት የፐልፕ መጽሔቶች ነበሩ፤ ካርል ኤድዋርድ ዋግነርም በ1977 ያወጣቸውን ሦስት ቅጾች ያዘጋጀው በመጽሔቱ ንባብ መሠረት ነው። ከዚያም ይልቅ የሚያስደንቀው የቴክሳሱ ሰብሳቢ የግሌን ሎርድ ሥራ ነው፤ እርሱ ሃዋርድ በታይፕ የጻፋቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች የያዘውን ሣጥን ተከታትሎ አግኝቶ ጠበቀ፤ ከ2000 ወዲህ የወጡት የታረሙ እትሞችም በዚያ ቅርስ ተጠቅመዋል። መምህራን የብራና ቅጅዎችን አመሳክረው የጸሐፊን ግድፈት እንደሚያቀኑ ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች ሌላው የጣለውን ወረቀት ይዘው ንባብን አቀኑ።

ሃዋርድን የሚያነብ ሰው ግን ፍቅር ዓይኑን አይጋርደው። ደራሲው ኩሽና ፑንት የሚሉትን ጥንታውያን ስሞች ለምናባዊ ካርታው ወስዶ፣ ጥቍር ሕዝቦችን በዘመኑ የዘር ንቀት መሣሉ አይካድም። ለዚህ በአሜሪካ ተወልዶ በካናዳ የኖረው ጥቍር ደራሲ ቻርልስ ሳውንደርስ የሰጠው መልስ ከክርክር የሚበልጥ ነበር፤ ሥነ ጽሑፉን ሳይጥል፣ ኢማሮ የተባለውን ተዋጊ በምናባዊት አፍሪካ አቁሞ፣ በ1981 በመጽሐፍ አሳተመው።

መሰብሰብ የሚወድ ጀማሪ ከውዱ መጽሔት ሳይሆን ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ርካሽ መጻሕፍት ቢጀምር ይሻለዋል። ፐልፕን ግን የሚበላው ብል ብቻ አይደለም፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ራሱ ቀስ በቀስ ያደቅቀዋል፤ ብርሃንና ሙቀትም ጥፋቱን ያፋጥናሉ። ስለዚህ ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ፣ አሲድ የሌለው ካርቶንና የፖሊስተር ልባስ ያስፈልገዋል፤ የተቀደደውንም በተራ ፕላስተር መለጠፍ ማዳን መስሎ መጉዳት ነው፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋልና።

ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ታዲያ ከአንዱ ሥራ ሁለት ቅጅ ይይዛሉ፤ አንዱን ለሣጥን፣ አንዱን ለንባብ። የሣጥኑ ቃሉን ይጠብቃል፤ የንባቡ ግን ጀርባው ይላላል፣ ገጹም ይጎብጣል። በየማለዳው የሚደገም ዳዊትም ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቍሮ ይታያል፤ ባለቤቱን ስለዚህ የሚነቅፈው ሰው ግን አልተገኘም።