የመንዝ መንገድና የሃርድቶፕ እግር

የ1960ዎቹን የአሜሪካ ፎርድ ሙስታንግ እና መንዝ ላይ ታማሚ የሚያመላልሰውን ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ የሚያዛምዳቸው አንድ ነገር አለ፤ ከኋላ የታሰረው ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች። የሙስታንግ ወዳጆች ይህን አሮጌ እግር የሚያሻሽሉት አስፋልት ላይ በፍጥነት ለመታጠፍ ነው፤ መኪናውን ዝቅ ያደርጉታል፣ ያጠነክሩታል። ከጣርማ በር ተነስቶ በጓሳ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚነዳ ሹፌር ይህን ምክር ቢሰማ ግን የመኪናውን ሆድ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሃርድቶፑ የሚመደብበት 70 ሲሪዝ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከባድ ሥራ የሚሠሩት ሞዴሎች ያኔ ፊትም ኋላም ባሌስትራ ነበሩ። በ1999 የፊቱ በጥምዝምዝ ሞላ ተተካ፤ የኋላው ባሌስትራ ሆኖ ቢቀርም ረዘመ። ማርዘም ትንሽ ነገር ይመስላል። የአንድ ባሌስትራ ግትርነት ግን ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር በጣም ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሌላው ሳይነካ ርዝመቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ግትርነቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ውፍረት ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ እጥፍ የወፈረ ቅጠል ስምንት እጥፍ ይገትራል።

እዚህ ላይ ነው የጋራዡ ልማድ ከፊዚክስ ጋር የሚጋጨው። መኪናው ከኋላ ሲረግብ የብዙዎች መልስ «ባሌስትራ ጨምርበት» ነው። አምስት እኩል ቅጠል ባለው ላይ አንድ ሲታከል ግትርነቱ በ20 በመቶ ይጨምራል። ሁልጊዜ ገብስና ስሚንቶ ለሚጭን መኪና ይህ ያስኬዳል። አምቡላንስ ግን ከባድ ጭነት እንዲችል የተሠራ እግር ላይ አንዲት ምጥ የያዛት እናትና ሁለት አስታማሚ ብቻ ይዞ ይሄዳል። ቀድሞም የበዛው ግትርነት ላይ ሌላ መጨመር ሕመምተኛዋን መቅጣት ነው፤ የሻንሲውን ስንጥቅም ያፋጥናል።

መንገዱን ደግሞ እንመልከት። ጠጠር መንገድ ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚሸበሸበው ገጽ ሹፌሮችን ከጉድጓድ ይልቅ የሚያማርር ነው። ሽብሽቡ በየ70 ሳንቲ ሜትሩ ቢመጣና መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ ጎማው በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል ይመታል። ጥፋቱን ከባድ መኪኖች ላይ ብቻ መጣል የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የፊዚክስ ሙከራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ በሚሽከረከር የአሸዋ ሰሌዳ ላይ ሞላም ሆነ አሞርዛተር የሌለው ትንሽ ጎማ ሲያስኬዱ አሸዋው ራሱ ተሸበሸበ። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች ሲሆን ግን ገጹ ለጥ ብሎ ቀረ።

በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚመጣውን ምት የሚያበርደው አሞርዛተሩ ነው። ባሌስትራ ጉልበቱን ተቀብሎ መልሶ ይወረውረዋል፤ አሞርዛተር ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱ ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፣ አረፋ ይቀላቀለዋል፣ መግታቱም ይደክማል። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ጓሳ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስስ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ አቅሙ አነስተኛ ነው። የደጋው ብርድ ግን በከፊል ያካክሰዋል።

የደከመ አሞርዛተር ምቾት ብቻ አይነሳም። ጎማው ከመሬት እየተነሳ ሲዘል ፍሬንም መሪም ለዚያች ቅጽበት አይታዘዙም፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ያች ቅጽበት ብዙ ናት። ስለዚህ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መዋል ያለበት ለጥሩ አሞርዛተርና ለተበላ ጎሚኒ መቀየሪያ ነው። ምርመራው ርካሽ ነው። ከረጅም የኮረኮንች ጉዞ በኋላ እንደቆሙ እያንዳንዱን አሞርዛተር በጥንቃቄ ነካ ማድረግ፤ ከጓደኛው ተለይቶ የቀዘቀዘው ሥራ አቁሟል። ዘይት ያረጠበውም መቀየር አለበት።

መኪናውን ከፍ ማድረግስ? ድንጋይ ለማለፍ ይጠቅማል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል 1.4 ሜትር ስፋት ያለው፣ የክብደት ማዕከሉም ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ መኪና እንውሰድ። የስፋቱ ግማሽ ለከፍታው ሲካፈል 0.875 ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ማዕከሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ወደ 0.78 ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ጆንያ ደርድሮ ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ የመርሐቤቴ መኪና ደግሞ አንዲት ቅጠል ባሌስትራ ሳይጨምር፣ በጭነቱ ብቻ፣ ማዕከሉን ወደ ላይ ይገፋዋል።