ቬንትሌተር ወይስ ኤሲ?

እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች የመብራት ሂሳብን ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ ቤት ማቀዝቀዝ ነው። ቆጣሪ ፍጆታን የሚመዘግበው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህም የመሣሪያው ኃይል በኪሎዋት፣ በሠራበት ሰዓት ተባዝቶ ይገኛል።

• 75 ዋት ቬንትሌተር፦ 0.075 × 8 ሰዓት × 30 ቀን = 18 ኪሎዋት ሰዓት
• 1,500 ዋት ኤሲ፦ 1.5 × 8 ሰዓት × 30 ቀን = 360 ኪሎዋት ሰዓት

ልዩነቱ 20 እጥፍ ነው። ቬንትሌተር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ላባችን ቶሎ እንዲተን በማድረግ ቅዝቃዜ እንዲሰማን ያደርጋል። ኤሲ ግን በኮምፕረሰር እየታገዘ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ክፍሉ በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ ኮምፕረሰሩ ስለሚያርፍ፣ እውነተኛው ፍጆታ ከስሌቱ ሊያንስ ይችላል።

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ስለዚህ ፍጆታ በእጥፍ ሲያድግ ሂሳቡ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

ኤሲ ሲበራ በርና መስኮት ዝጉ፤ ማጣሪያውን አጽዱ። ሁላችሁም ከክፍሉ ስትወጡ ደግሞ ቬንትሌተሩን አጥፉ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም።