ሁለቱ ድምፆች

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከኮተቤ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ፣ የድምፃውያን ውድድር ፍጻሜ በቴሌቪዥን በሚታይበት ዕለት ከአንዱ ቤት እልልታ፣ ከሌላው ደግሞ «ተበደለ» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ይህ ልዩነት ከወዴት ይመጣል?

አማርኛችን የዘፋኙንም ዜማ፣ የመራጩንም ምርጫ «ድምፅ» ይለዋል፤ መለኪያቸው ግን ለየቅል ነው። ዳኞች የዘፋኙን ድምፅ ይመዝናሉ። በ1994 ዓ.ም. በእንግሊዝ «ፖፕ አይድል» ከተጀመረ ወዲህ በዓለም የተስፋፋው የስልክ ምርጫ ግን የመልእክቱን ብዛት እንጂ የላኪውን ሰው ብዛት አይቈጥርም። ስለዚህ ዘመድ የበዛለት ይጠቀማል፤ ዘመድ የሌለው ይጐዳል። በሠርግ ቤት ለአዝማሪ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ልማዳችን ነው፤ ይኸውም ምስጋና እንጂ ፍርድ አይደለም።

የፍጻሜው ውጤትም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። የመጀመሪያው የባላገሩ አይድል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ እንኳ «የኔ ዜማ» የተባለውን አልበሙን ያወጣው ከዓመታት ድካም በኋላ ነው።

እንግዲህ የዳኞቹ ነጥብና የተመልካቹ ምርጫ በየራሱ ተለይቶ ቢነገር፣ የተሸነፈው ልጅ ቤተሰብ የጐደለው ዜማ ይሁን ወገን ለይቶ ያውቅ ነበር እንላለን።